መስኮት ጋ አልቀመጥም አለች

እኛ ሰፈር አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። አራብሳ ኮንዶሚኒየም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ቦሌ ሊያርፍ የሚመጣው ወይ ተነስቶ የሚወጣው በላያችን ነው የሚያልፈው፣ ስልክ እያወራን ከሆነ «ቆይ አንዴ አውሮፕላን ይለፍ» እንላለን፣ በቃ ከደጃችን እንደሚያልፍ ሲኖትራክ ነው የምንቆጥረው። የብሎካችን ልጆች ቀና ሳይሉ ድምፁን ብቻ ሰምተው «ካርጎ ነው» «ድሪምላይነር ነው» እያሉ በብስኩት ይወራረዳሉ፣ ማን እንዳሸነፈ ግን የሚያጣራላቸው የለም፣ አብዝቶ የጮኸው ብስኩቱን ይበላል።

ይሄን ሁሉ ጊዜ ከስሩ ስንኖር ስለ ሞተር ቁጭ ብለን አውርተን አናውቅም። ያወራነው ባለፈው እሁድ ነው፣ በአክስቴ ምክንያት።

አክስቴ አሜሪካ ልትሄድ ነው። ልጇ ወልዳለች፣ ልታርሳት። ከለገጣፎ ሁለት ሻንጣ አስጭና እኛ ጋ መጣች፣ ምክንያቱም ከፎቃችን ስር ያለው ሱቅ ሚዛን አለው ባለቤቱም ያውሰናል። 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ነው የተፈቀደላት፣ አንደኛው 25 መዘነና ከበርበሬው ይቀነስ ከሽሮው ይቀነስ የሚል ክርክር ተጀመረ፣ የገንፎ ዱቄቱን ማንም እንዳይነካው ተብሏል፣ እሱ እኮ የጉዞው ምክንያት ነው። ሳሎኑ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ፣ እናቴ ቡና እየቆላች፣ እኔ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ቁጥር እያነበብኩ እያለ አክስቴ ስልኳን አወጣችና «ይሄን አይታችሁታል?» አለች።

ቪዲዮ ነው። የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለቀቀ። አውሮፕላን ውስጥ ሰዎች ቢጫ ማስክ አፋቸው ላይ ይዘው፣ ንፋሱ ካሜራው ውስጥ እየጮኸ፣ አንዱ ፊቱን ወደ ስልኩ አዙሮ። ከስሩ «ዛሬ ጠዋት አሜሪካ! ሞተር ፈንድቶ ተሳፋሪ በመስኮት ወጣች! ሳታዩ እንዳታልፉ ለምትወዱት ሼር አድርጉ!!» ይላል። ከዚያ የጸሎት እጅ፣ የጸሎት እጅ፣ «ኧረ ማርያም»፣ «ስምንተኛው ሺህ ማለት ይሄ ነው»፣ አንድ የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ለዚህ ነው እኔ በመኪና የምሄደው» ብሎ ጽፏል፣ የሚሄደው አዳማ ነው፣ አዳማ አውሮፕላን የለም።

«እኔ መስኮት ጋ አልቀመጥም» አለች አክስቴ። «ትኬቱ ይቀየር። ካልሆነ ይቅር፣ ልጄ እዛው ሰው ትፈልግ።»

ቪዲዮውን አውቄዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አይደለም፣ 2010 ዓ.ም ሚያዝያ 9 ነው፣ ፋሲካ ካለፈ ሳምንት አለፍ ብሎ፣ ማክሰኞ ቀን። ሳውዝዌስት የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው፣ ቦይንግ 737-700፣ ከኒውዮርክ ወደ ዳላስ 144 ተሳፋሪና 5 ሠራተኛ ይዞ ተነስቶ 20 ደቂቃ ገደማ እንደበረረ የግራው ሞተር ፊት ላይ ካሉት 24 ብሌዶች፣ ማለትም የሚሽከረከሩት ቢላዎች፣ አንዱ ተሰበረ። ከሞተሩ ሽፋን የተገነጠለ ብረት የ14ኛውን ረድፍ መስኮት መታው፣ መስኮቱ ሄደ፣ እዚያ የነበረችው ሴት ከወገቧ በላይ ወደ ውጭ ተሳበች። ሁለት ወንዶች ታግለው መለሷት፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ልቧን ለማስነሳት ደረቷን ስትጫን ነበር፣ አልተረፈችም። አውሮፕላኑ ፊላደልፊያ አረፈ፣ ሌሎቹ ሁሉ በሕይወት ወረዱ።

ያኔ ሥራ ከጀመርኩ አንድ ዓመት አልሞላኝም ነበር፣ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለዚህ ነው የተወራው። ምን እንደተወራ በደንብ ትዝ ይለኛል ምክንያቱም በጣም ነው የገረመኝ። አንደኛ ማስኩ። ሰዎቹ አፋቸውን ብቻ ሸፍነው አፍንጫቸው ውጭ ነው፣ ዓለም በሙሉ በዚያ ሳቀ፣ «ሆስተሷ ስታሳይ ስልክ ላይ ነበራችኋ» ተባሉ። እውነት ነው ማስኩ አፍንጫም አፍም ነው የሚሸፍነው፣ ግን ይሄን የሚለው ማነው፣ እኛ ነን እኮ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ኮሮና ሲመጣ ግማሻችን ታክሲ ውስጥ ማስኩን አገጫችን ላይ አድርገን ነበር፣ ረዳቱማ ክንዱ ላይ ነበር የሚያስረው። ያውም መስኮት ሳይሰበርብን።

ሁለተኛ ፓይለቷ። ታሚ ጆ ሸልትስ፣ የባህር ኃይል ተዋጊ ጄት ካበረሩ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካዊያን ሴቶች አንዷ። ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋ ስታወራ የተቀዳ ድምጿ ወጣ፣ በቃ ሱቅ ሄዳ ዳቦ የምትጠይቅ ነው የሚመስለው፣ የአውሮፕላኑ አካል ጎድሏል፣ ሰው ወጥቷል ብለውኛል እያለች። እኛ ቢሮ ያሉ ሴቶች ሁሉ ፕሮፋይላቸውን በእሷ ፎቶ ቀየሩ፣ ይገባታል፣ እኔ ምንም አልልም። ግን ብሌዱ ሲሰበር መሪውን ይዞ የነበረው ረዳቱ ዳረን ኤሊሶር ነው፣ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲጋደል መጀመሪያ ያቃናው እሱ፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። የሞተችው ሴት ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ «አንዲት ተሳፋሪ» ሆነች።

ሦስተኛ ገንዘቡ። ድርጅቱ ለተረፉት ተሳፋሪዎች 5 ሺህ ዶላር ቼክና የ1 ሺህ ዶላር የጉዞ ቫውቸር ላከ። ቫውቸሩ ነው ሰው ያነጋገረው፣ «ከዚያ ወርደህ እንደገና በነጻ ውጣ» እንደማለት ስለሆነ።

ስለ ብሌዱ ግን ማንም አላወራም። እኔም አላወራሁም። ብረት ነው፣ ተሰበረ፣ ምን ይወራል።

ወደ እሁዱ ልመለስ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጋሼ አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሃንጋር፣ የአውሮፕላን መጠገኛው ውስጥ የጨረሱ ቴክኒሻን፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ እናቴ ቡና ስታፈላ ሽታው ራሱ ነው የሚጠራቸው። ገቡ፣ ኖር ተባለ፣ ተቀመጡ፣ አክስቴ ስልኩን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን አርቀው አዩትና «ይሄ የቆየ ነው» አሉ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ «ከዚህ በፊትም ነበረ እኮ፣ ያኔ ግን ማንም አላየውም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጅ 2016 ነሐሴ 27 የዚያው ድርጅት አውሮፕላን፣ ያው 737-700፣ ያው ሲኤፍኤም የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ሞተር፣ ከኒው ኦርሊንስ ወደ ኦርላንዶ ሲሄድ ያው ዓይነት ብሌድ ተሰበረበት። የሞተሩ አፍ ተበታተነ፣ የአውሮፕላኑ ጎን ተበሳ፣ ውስጡ ያለው አየር ወጣ፣ ማስክ ወረደ። ፔንሳኮላ አረፈ። ብረቱ መስኮት ስላላገኘ ማንም አልሞተም። ሰው ስላልሞተ ደግሞ «ኧረ ማርያም» አልተባለም፣ የጸሎት እጅ የለም፣ እኛ ቢሮ አልተወራም። አምራቹ ብሌዶቹ በአልትራሳውንድ ይፈተሹ ብሎ ማሳሰቢያ አወጣ፣ የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን በዓመቱ ነሐሴ 2017 ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ አወጣ፣ አየር መንገዶቹ ጊዜው ይራዘምልን አሉ፣ ረቂቁ እንደ ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ ቆየ። ሚያዝያ 2018 መጣ። ሴትየዋ በሞተች በሦስተኛው ቀን አስቸኳይ ትዕዛዝ ወጣ፦ ከ30 ሺህ በላይ የተነሳና ያረፈ ሞተር በ20 ቀን ውስጥ ይፈተሽ።

ሃያ ወር ሊሞላው ትንሽ የቀረው ነገር በሦስት ቀን አለቀ። ጋሼ ይሄን ሲናገሩ አልተቆጡም፣ ቡናቸውን ነው ያማሰሉት። እኔ ነኝ የተናደድኩት።

አክስቴ ግን ስለ ረቂቅ ምናምን አይገባትም፣ «ብረት እንዴት ዝም ብሎ ይሰበራል፣ ያውም የአውሮፕላን» አለች። ይሄን ስትል እጇ ላይ ጀበና ይዛ ነበር። ለልጇ ሁለት አዲስ ጀበና ገዝታለች፣ አንዱ በእጅ ሻንጣ በነጠላ ተጠቅልሎ እንዲሄድ፣ የትኛው ይሂድ ብላ በጣቷ አጥንት እየመታች ጆሮዋን ታስጠጋለች።

«እህቴ ምን እያደረጉ ነው?» አሏት ጋሼ።

«ድምፁን እየሰማሁ ነዋ። ደህናው ይጠራል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። በዓይን አይታይም እኮ።»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «በቃ አልትራሳውንድ ማለት ይሄ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስረዱት በሙሉ በጀበናና በጥርስ ነው። ብሌዱ ቲታኒየም ነው፣ ከስሩ ያለው ተረከዙ መሀል ላይ ያለው ትልቅ ዲስክ ውስጥ ይሰካል፣ ጥርስ ድድ ውስጥ እንደሚቀመጠው። ከላይ ስታየው ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ግን ተሸፍኗል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ሙሉ ጉልበት በሰጠ ቁጥር ሞተሩ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ብሌድ ወደ ውጭ ይጎተታል፣ ሲያርፍ ይለቀቃል። አንድ መነሳት አንድ ማረፍ አንድ ዙር ነው። ያ ብሌድ ከ32 ሺህ በላይ ዙር ሠርቷል። «ጀበና በአንድ ማፍላት አይሰነጠቅም» አሉ፣ «እሳት ላይ ይወጣል ይወርዳል፣ ይሞቃል ይበርዳል፣ አንድ ቀን አንገቱ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ትጀምራለች፣ ከዚያ በኋላ ባፈላሽ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ትሄዳለች።»

«መጀመሪያ ላብ ታወጣለች» አለች እናቴ ከማዕዘኗ ሆና። «ረመጡ ላይ ጭስ ስትል ነው የሚታወቀው።»

«እ! እሱን ነው የምልሽ። 2016 ላይ ላብ አውጥታለች።»

ጋሼ እንደዚህ ሰው የሚያቋርጣቸው ሲሆን ደስ ይላቸዋል፣ ተማሪ ያገኙ ይመስላቸዋል። ቀጠሉ። ያ የተሰበረው ብሌድ በፈረንጅ 2012 ተፈትሾ ነበር፣ በቀለም፣ ማለትም የሚያበራ ፈሳሽ ይቀባና ይጠረጋል፣ ስንጥቅ ካለ ፈሳሹ እዚያ ገብቶ ይቀርና በልዩ መብራት ሲታይ ያበራል። ስንጥቁ ያኔም ሳይጀምር አልቀረም፣ ግን አልታየም። ከዚያም በኋላ ተረከዙ ቅባት ሲቀባ በየጊዜው በዓይን ታይቷል፣ ያኔም አልታየም። አልትራሳውንድ ግን ድምፅ ውስጥ ይልካል፣ ድምፁ ስንጥቅ ላይ ሲደርስ ይመለሳል፣ የአክስቴ ጣት ማለት ነው። በነገራችን ላይ የተሰበረው ብሌድ ቁጥሩ 13 ነው። ፈረንጅ 13 ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፣ አክስቴ «እግዚአብሔር አብ» ብላ አማተበች፣ ለኛ 13 የእግዚአብሔር አብ ቀን ነው፣ ለሷ እንደውም ሌሎቹ የተረፉት ለዚህ ነው።

እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ «ሞተሩ እኮ ሲፈነዳ ብረቱን ውስጡ እንዲያስቀር ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው፣ አንድ ቦታ አንብቤ። ነው አሉ። ፋብሪካ ውስጥ ሆን ብለው በሙሉ ፍጥነት አንድ ብሌድ ሰብረው ዙሪያውን ያለው ጠንካራ ቀለበት መያዙን ያያሉ። ፊላደልፊያም ቀለበቱ ብሌዱን ይዞታል፣ ሥራውን ሠርቷል። የገደላት ብሌዱ አይደለም። ብሌዱ ቀለበቱን ከታች በኩል ሲመታው ምቱ ወደ ውጭኛው ሽፋን ተላለፈ፣ ያ ስስ ሽፋን ከታች የሚዘጋበት መቆለፊያ አካባቢ ተሰባበረ፣ በዚያ ፍጥነት ንፋሱ ገነጠለው፣ አንድ ቁራጭ መስኮቷ ላይ አረፈ። መርማሪዎቹም በመጨረሻው ሪፖርታቸው ቦይንግ ሽፋኑን እንዲያሻሽል ነው የጠየቁት። ከሽፋኑ ሌላ ቁራጭ ፔንሲልቫኒያ ገጠር ውስጥ ወድቆ ተገኝቷል፣ ከፊላደልፊያ 100 ኪሎሜትር ገደማ ርቆ። ይሄን ሲሉ እኔ ሳላስበው ወደ ኮርኒሱ ነው ያየሁት።

አክስቴ እዚህ ጋ ሌላ ነገር ጠየቀች፣ «ጋሼ፣ እኛ ጋስ ሞተር ጠፍቶ ያውቃል?»

ያውቃል። መስከረም 5 ቀን 1981፣ ባሕር ዳር። ጋሼ ያኔ ወጣት ናቸው። 104 ሰው የያዘ 737 ገና ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ዞረው ለመመለስ ሞከሩ፣ ሞተሮቹ ጠፉባቸው፣ ጎማ ሳይወርድ በሆዱ መሬት ላይ አረፈ፣ እሳት ተነሳ፣ 35 ሰው ሞተ። ርግብ እኮ ነው፣ ቤተክርስቲያን ደጅ ጥራጥሬ የምንበትንላት። ያኔ ስልክ የለ፣ ቪዲዮ የለ፣ በሬዲዮ የሚባለውን ሰምቶ ሰው በየቤቱ ሹክ አለ፣ ዘመዱ የሞተበት ድንኳን ጣለ፣ በቃ። ጋሼ «ያኔ ሰው ዝም ይላል፣ የተማርነውን የተማርነው እኛ ሃንጋር ውስጥ ያለነው ነን» አሉ። ዝም ማለት ይሻል ነበር ለማለት ይሁን አልገባኝም፣ ብዬም አልጠየቅኳቸውም፣ ምክንያቱም እናቴ ሁለተኛውን እየቀዳች ነበርና ሁላችንም ስለ ሌላኛው እያሰብን እንደሆነ ያስታውቃል።

መጋቢት 1 ቀን 2011። እሁድ። ፊላደልፊያ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። እኛ እዚህ ብሎክ የገባነው በቅርቡ ነበር፣ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ጠዋት ጀሪካን ተሰልፈን። ያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ሲነሳ ወደኛ አቅጣጫ ነው የተነሳው፣ ድምፁን ሰምተነው ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው፣ ማን ያዳምጣል፣ ያ ቀን እስኪመሽ ስንት ሰው «እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ» አለ፣ ልጆቹ እንኳ። 157 ሰው ነው ያለቀው፣ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ በተነሳ በስድስት ደቂቃ።

እና ያኔ የሰው ወሬ ምን እንደሚመስል ከሌላኛው ወገን ሆኜ አየሁት። የሞተር ጉዳይ አልነበረም፣ አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነው፣ ችግሩ ኤምካስ የሚባለው ሲስተሙ ነው፣ ከአንድ የተሳሳተ ሴንሰር ተነስቶ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ። ይሄ ግን የታወቀው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የመጣው ቁጥር ነው፣ 200። የረዳት አብራሪው የአህመድኑር መሐመድ የበረራ ሰዓት ተብሎ፣ በኋላ ሪፖርቱ 361 ነው አለ። የካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8 ሺህ በላይ ሰዓት ወደ ጎን ተትቶ ያ 200 ብቻ ዓለምን ዞረ። አንድ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል እንኳ አሜሪካ የሠለጠነ ፓይለት ቢሆን ኖሮ ያድነው ነበር የሚል ነገር ተናገረ። እዛ ፊላደልፊያ ላይ አብራሪዋ በአንድ ምሽት ጀግና፣ እዚህ ልጆቹ ሳይቀበሩ ተከሳሽ። ሁለቱም ቦታ የተበላሸው ነገር ከኮክፒቱ ውጭ ነው የተበላሸው፣ አንዱ ድድ ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር ውስጥ። ደግሞ እዚህም ላብ ነበር እኮ፣ ከአራት ወር ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር ማክስ ወድቆ 189 ሰው አልቋል። ቻይናና እኛ በማግስቱ ማክስን ከበረራ አወጣን፣ አሜሪካ እስከ ረቡዕ ድረስ ደህና ነው ስትል ቆየች።

ጋሼ ስለዚህኛው አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም የጻፍኩትን ያህል አላወራሁም፣ አክስቴ ልትሳፈር ነው እኮ፣ አራት ቀን ነው የቀራት። እናቴ በዓይኗ ገሰጸችኝ። ወሬው ወደ ሻንጣ ተመለሰ፣ ከሽሮው ሁለት ኪሎ ወጣ፣ እኛ ጋ ቀረ።

ስትነሳ ግን ጋሼ ሦስት ነገር ነገሯት፣ እንደ መድኃኒት ማዘዣ በጣታቸው እየቆጠሩ። ቀበቶ፣ ምልክቱ ቢጠፋም አትፍቺ፣ ያቺ ሴት ሙሉ በሙሉ ያልወጣችው ቀበቶ ስላሰረች ነው። ማስክ ከወረደ አፍንጫና አፍ፣ መጀመሪያ ለራስሽ። እና ደግሞ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ በፍጥነት ከወረደ እየወደቀ ነው ብለሽ አትጩሂ፣ አየር ፍለጋ ነው የሚወርደው፣ 10 ሺህ ጫማ ገደማ ሲደርስ ያለ ማስክ ይተነፈሳል። 10 ሺህ ጫማ ስንት ነው አለች። እንጦጦ አናት ናት አሏት። ይሄን እኔም አላውቅም ነበር፣ አውሮፕላኑ ጤነኛ ሆኖ ከላይ ሲበር እንኳ ውስጡ ያለው አየር ቢበዛ የ8 ሺህ ጫማ አየር ነው፣ ያ ደግሞ ከቦሌ ብዙም አይበልጥም። ማለትም ፈረንጁ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ ራሴን አመመኝ የሚለው አዲስ አበባ የገባ ያህል ስለሆነ ነው። «እና እኔ ምን እሆናለሁ፣ ለገጣፎ ነኝ» አለች አክስቴ፣ ትንሽ ፊቷ ፈታ አለ።

መስኮቱን ግን አልለቀቀችም። አልቀመጥም። የልጇ ባል ከዚያ ማዶ ኦንላይን ገብቶ ኮሪደር በኩል ያለ ወንበር እንዲይዝላት ቃል ገባ።

ከሁለቱ ጀበና አንዱን ደግማ መታችው፣ ደግማ ሰማችው፣ ፊቷን አኮሳትራ ለእናቴ ሰጠቻት። «ይሄ ይታፈናል። እናንተ ጋ ይቅር፣ አበባ ትከሉበት።» እናቴ ማክሰኞ አፍልታበት ነበር፣ ቀስ ብላ፣ እስካሁን አላላበውም።

ሐሙስ ማታ ደወለች፣ ከቦሌ፣ ውስጥ ከገባች በኋላ። ጩኸት አለ፣ ሆስተሷ ስልክ ዝጉ እያለች ይሰማል። የልጇ ባል የያዘው ወንበር ምን እንደሆነ አልታወቀም፣ የሰጧት መስኮት ጋ ነው። ያውም ከክንፉ ትንሽ ፊት። እኔ ምን እንደምላት ጠፍቶኝ «ቀይሩልኝ በያቸዋ» አልኳት።

«ተይ፣ ሰው ሞልቷል» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለጋሼ ንገሪልኝ፣ ሞተሩ እዚሁ ስሬ ነው፣ ፊት ለፊት ያሉት ቢላዎቹ ቀስ እያሉ ሲዞሩ ይታዩኛል። 24 ነው ያለው? ልቆጥራቸው ነበር፣ አሁን ፈጠኑብኝ።»

ስልኩ ተቋረጠ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ፣ ጋሼም ከስሬ በረንዳቸው ላይ ወጥተው ቆመዋል፣ ጋቢ ለብሰው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንዱ በላያችን አለፈ፣ ልጆቹ ተኝተው ነበርና ምን እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም።